ርካሽ ጉዝጓዝ፣ ውድ ኪሣራ

ለዶሮ ቤት የሚሆነው ጉዝጓዝ እንዴት ይመረጣል?

በዶሮ እርባታ ገንዘቡን ሥራ ላይ ሊያውል የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያሰላው የታወቀ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ዋጋ፣ የመኖ ዋጋ፣ የቤት ኪራይ ወይም የግንባታ ወጪ፣ ክትባትና መድኃኒት፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ በመጨረሻም ለዕንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ገበያ ከሚወጣው ዶሮና እንቁላል የሚገኘው ገቢ ተራ በተራ በወረቀት ላይ ይሰፍራል። ጉዝጓዝ ግን ብዙውን ጊዜ ከዝርዝሩ ግርጌ «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚለው ሥር ተወሽቆ ይቀራል። ሲገዛም መመዘኛው አንድ ብቻ ይሆናል፤ ርካሽነቱ።

ይሁንና ዶሮዋ ቤት ከገባችበት ቀን አንሥቶ እስከምትሸጥ ድረስ የምትቆመው፣ የምትተኛው፣ የምትጭረውና የምትተነፍሰው ከጉዝጓዙ ላይ ነው። መኖ በተወሰነ ሰዓት ትበላለች፤ ክትባት በተወሰነ ቀን ትወስዳለች፤ ከጉዝጓዝ ግን 24 ሰዓት አትለይም። ጉዝጓዙ ረጥቦ ከቆየ እግሯ ይቆስላል፣ ዓይኗ ይቃጠላል፣ ሳንባዋ ይታመማል፣ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው የአንጀት በሽታም ይነሣባታል። አርቢው ይህን ሁሉ በመድኃኒት ለመመለስ ሲሮጥ ከጉዝጓዝ ያተረፈው ጥቂት ብር ተመንዝሮ ያልቃል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት በዶሮ ቤት ውስጥ ቃል በቃል የሚፈጸምበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ጉዝጓዝ ከመግዛት በፊት ሥራውን ማወቅ፣ ዓይነቱን መለየት፣ ከየት እንደመጣ መጠየቅና ዋጋውን በጆንያ ሳይሆን በዶሮ ማስላት ያስፈልጋል።

ጉዝጓዝ ምን ይሠራል?

በበዓል ቀን በቤት ውስጥ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ለጌጥና ለመዓዛ ነው። በዶሮ ቤት የሚጎዘጎዘው ግን ለሥራ ነው። ሥራውም አራት ነው።

አንደኛው፣ እርጥበትን መጠጣትና መልሶ ለአየር መስጠት ነው። ሁለቱም እኩል ይፈለጋሉ። ውሃ ጠጥቶ የማይለቅ ጉዝጓዝ ከነጭራሹ ከማይጠጣው አይሻልም። ሁለተኛው፣ የሲሚንቶውን ወይም የአፈሩን ወለል ቅዝቃዜ መከላከል ነው። ሦስተኛው፣ ለእግርና ለደረት ምቹ መሆን ነው። በተለይ ክብደቷ ቶሎ የሚጨምረው የሥጋ ዶሮ አብዛኛውን ጊዜዋን ተኝታ ስለምታሳልፍ ደረቷ ጠንካራ ወይም እርጥብ ነገር ላይ ካረፈ ይቆስላል። አራተኛው፣ ኩሱን ከራሱ ጋር ቀላቅሎ ማሳሳት ነው። ዶሮዋ እየጫረች ስታገላብጠው ኩሱ ይበታተናል፤ ሲበታተንም ይደርቃል።

ጉዝጓዙ የሚሸከመው ውሃ ምን ያህል እንደሆነ በአኃዝ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች። የምትጠጣው ውሃ በክብደት የመኖው እጥፍ ያህል ነው፤ ይኸውም ወደ 240 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ለ1,000 ዶሮ ሲሰላ በቀን 240 ሊትር፣ ማለትም ከአንድ በርሜል በላይ ይሆናል። ሙቀት ሲበረታ መጠኑ ከዚህም ይጨምራል። ከዚህ ውሃ የተወሰነው በእንቁላል፣ የተወሰነው በትንፋሽ ይወጣል፤ ቀሪው በኩስ ውስጥ ሆኖ ወደ ወለል ይወርዳል። ከትኩስ የዶሮ ኩስ ውስጥ ከ70 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። እንግዲህ ጉዝጓዝ ገዥ የሚገዛው ምንጣፍ ሳይሆን በየቀኑ ይህን ውሃ ተቀብሎ የሚያስተንን ዕቃ ነው ማለት ነው።

በገበያ ላይ ያሉት ዓይነቶች

የመላጊያ ፍቅፋቂ፦ በእንጨት ሥራ ቤቶች ከመላጊያ ማሽን ሥር የሚከማቸው፣ እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለው ስስ ፍቅፋቂ ነው። ውሃ ይጠጣል፤ ጥቅልሉ በመሐሉ አየር ስለሚያስገባም ቶሎ ይደርቃል። ብናኙ አነስተኛ ነው፤ ለእግርም ይለሰልሳል። ከንጹሕ እንጨት የወጣ እስከሆነ ድረስ ባለሙያዎች በመጀመሪያ ደረጃ የሚያስቀምጡት ይህንን ነው።

የመጋዝ ብናኝ፦ በከተማ ብዙ ሰው ፍቅፋቂውንም ብናኙንም በአንድ ስም «ሰጋቱራ» ብሎ ይጠራል። ለገዥው ግን ሁለት የተለያዩ ሸቀጦች ናቸው። ብናኙ ውሃ ቢጠጣም ከረጠበ በኋላ ተጠቅጥቆ አየር አያስገባም። ሲደርቅ ደግሞ እየቦነነ ዓይንና አፍንጫ ውስጥ ይገባል። አዲስ ጫጩቶችም መኖ እየመሰላቸው ይለቅሙታል። ሆዳቸው በብናኝ ከሞላ መኖ ሳይበሉ የጠገቡ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ብናኝ ብቻውን፣ በተለይም ለጫጩት፣ አይመከርም። የግድ ከሆነ ወፍራሙ ተመርጦ፣ ደቃቁ ተነፍቶ፣ ከፍቅፋቂ ጋር ተደባልቆ ይነጠፋል።

የጤፍ ጭድ፦ ለስላሳ ነው፤ ውሃም ይጠጣል። ጉድለቱ ተኝቶ መደራረቡ ነው። ካልተገላበጠ ላዩ እንደ ቂጣ ተጋግሮ ኩሱን ከላይ ያስቀራል። በሌላ በኩል የጤፍ ጭድ ለከብት መኖና ለጭቃ ቤት ምርጊት ስለሚፈለግ ዶሮ አርቢው በገበያ ላይ ከከብት አድላቢውና ከቤት ሠሪው ጋር መሻማት ይኖርበታል።

የስንዴና የገብስ ገለባ፦ የአገዳው ላይኛ ገጽ ለስላሳና ሰም መሰል ስለሆነ እንዳለ ቢነጠፍ ውሃ አይጠጣም። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሲከተፍ ግን ውስጡ ስለሚገለጥ ይሻሻላል። የመክተፊያው ወጪ ከዋጋው ጋር ተደምሮ መታየት አለበት። ዝናብ አግኝቶት የሻገተ ገለባ በምንም ዋጋ አይገዛም። ከሻጋታው የሚነሣው ዘር የጫጩትን ሳንባ የሚያሳምመውን አስፐርጂሎሲስ የተባለ በሽታ ያመጣል፤ ለዚህም በሽታ የሚረባ ሕክምና የለም።

የቡና ገለፈት፦ በቡና አገር ከደረቅ ቡና መፈልፈያዎች በብዛት ይገኛል። ቀላልና ለማጓጓዝም ለአካባቢው አርቢ ቅርብ ነው። ነገር ግን እርጥበት ካገኘው ቶሎ ይሻግታል። በውስጡም ካፌይን ስላለ ዶሮዎች እየለቀሙ ሊበሉት አይገባም። በደንብ የደረቀው ከጫጩት ይልቅ ላደጉ ዶሮዎች ይሻላል፤ የመኖ ገንዳቸውም ባዶ ሆኖ መዋል የለበትም።

ሌሎች፦ በፎገራ አካባቢ የሚገኘው የሩዝ ገለፈት ቀላል፣ ብናኝ የሌለውና ቶሎ የሚደርቅ ቢሆንም ብዙ ውሃ አይጠጣም፤ ከፍቅፋቂ ጋር ሲደባለቅ ይጠቅማል። የለውዝ ቅርፊት በምሥራቅ ሐረርጌ ይገኛል፤ የሻጋታ መርዝ ስለሚያሠጋው በጣም ደረቅ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ውሃ ይይዛል፣ ሆኖም በቶሎ ይሻግታል። አሸዋ በቆላ ሊያገለግል ይችላል፤ በደጋ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ክብደቱም የማጓጓዣ ወጪውን ያንራል።

ጋዜጣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት መኖ ለመበተኛ ከጉዝጓዙ በላይ ይነጠፋል። የሚያንሸራትት ልሙጥ ወረቀት ግን የጫጩቱን እግሮች ወደ ጎንና ጎን ከፍቶ አካለ ስንኩል ያደርገዋል። ሻካራ ወረቀት ይመረጣል፤ እሱም ከጥቂት ቀናት በኋላ ይነሣል።

የእንጨቱ ዘርና ታሪክ

ፍቅፋቂ ጥሩ ነው ሲባል የማንኛውም እንጨት ፍቅፋቂ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ገዥው ሦስት ጥያቄ መጠየቅ አለበት። የምን እንጨት ነው? ምን ተቀብቷል? ከምን ጋር ተደባልቋል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በጽድ ላይ ነው። የጽድ መልካም ሽታ የሚመጣው በእንጨቱ ውስጥ ካለው ተናኝ ዘይት ነው። ይኸው ዘይት የጽድ አጥር በምስጥ እንዳይበላ ይረዳል። ለነፍሳት የማይስማማው ነገር ግን ቀንና ሌሊት ከላዩ ለሚተኛ ትንሽ እንስሳም ምቹ አይደለም።

በዚህ ረገድ ከዶሮ አርቢዎች ይልቅ ብዙ የተማሩት በአሜሪካና በአውሮፓ ትንንሽ እንስሳትን በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ናቸው። ፌረት የሚባል፣ ቀጠን ረዘም ያለ ሥጋ በል እንስሳ አለ። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ጥንቸልን ከጉድጓዷ ለማስወጣት ያገለገለ ሲሆን ዛሬ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ እንደ ድመት በቤት ውስጥ ይኖራል። ይህ እንስሳ የራሱ የሆነ ጠንካራ ጠረን ስላለው ባለቤቶቹ ያን ለመሸፈን «ሴዳር» የሚባለውን መዓዛማ ፍቅፋቂ ይጎዘጉዙለት ነበር። ሴዳር ተብለው ከሚጠሩት ዛፎች አንዱ የሐበሻ ጽድ የቅርብ ዘመድ ነው። መዓዛው ግን ለባለቤቱ አፍንጫ ቢስማማም አፍንጫውን በፍቅፋቂው ውስጥ ቀብሮ የሚተኛውን እንስሳ የመተንፈሻ አካል የሚቆጣ ሆኖ ተገኘ። በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ በተደረጉ ምርመራዎችም የሴዳር ጉዝጓዝ የጉበትን ሥራ እንደሚለውጥ ታይቷል። በዚህም ምክንያት የእንስሳት ሐኪሞች ለፌረት የሚመክሩት በየሳምንቱ ሊታጠብ የሚችል ብርድ ልብስ ወይም አሮጌ ሸሚዝ፣ ለመጸዳጃውም ከወረቀት የተሠራ እንክብል ሆነ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለዶሮ አርቢም ይሠራል። ጉዝጓዝ የሚገዛው ለባለቤቱ አፍንጫ ሳይሆን ለእንስሳው አፍንጫ ነው። መጥፎ ሽታም የሚወገደው በጽዳት እንጂ በመዓዛ በመሸፈን አይደለም። ስለዚህ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ የጽድ ፍቅፋቂ፣ በተለይ በተዘጋና በሚሞቅ የጫጩት ቤት ውስጥ፣ ባይገባ ይመረጣል። የባሕር ዛፍ ፍቅፋቂ ሲገዛ ደግሞ ኃይለኛው ዘይት በብዛት የሚገኘው በቅጠሉ ስለሆነ ቅጠልና ልጥ ያልተቀላቀለበት፣ በደንብ የደረቀ መሆኑ ይታያል።

ሁለተኛው ጥያቄ እንጨቱ ስለተቀባው መድኃኒት ነው። እንዳይበሰብስና በምስጥ እንዳይበላ የተነከረ ምሰሶና ሳንቃ አርሴኒክን የመሰለ መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ከዚህም ሌላ በሥጋው ጣዕም ላይ የሚመጣ ጉዳት አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 የታተመ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ሥራ የዶሮ ሥጋ ሻጋታ ሻጋታ የሚል ጣዕም የያዘበትን ምክንያት ከጉዝጓዙ ጋር አያይዞታል። ፍቅፋቂው የወጣው ክሎሮፌኖል በተባለ የፀረ ፈንገስ መድኃኒት ከታከመ እንጨት ነበር። በጉዝጓዙ ውስጥ ያደገው ሻጋታ ያንን መድኃኒት ክሎሮአኒሶል ወደሚባል ሌላ ነገር ለወጠው፤ እሱም ወደ ዶሮው ሥጋ ገባ። የዚህ ነገር ሽታ እጅግ ጥቂት በሆነ መጠንም ይታወቃል። ለነጋዴው ይህ ከበሽታ የከፋ ኪሣራ ነው፤ ዶሮው ወፍሮ፣ አምሮ ይሸጣል፣ ደንበኛው ግን ሁለተኛ አይመለስም።

ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ለከተማ አርቢ አስፈላጊ ነው። የዛሬ የቤት ዕቃ ሥራ ቤቶች ከሳንቃ ሌላ ችፕውድ፣ ኤም.ዲ.ኤፍ. እና ኮምፔንሳቶ ይቆርጣሉ። እነዚህ በሙጫ የተጣበቁ ናቸው፤ በብዙዎቹ ሙጫዎች ውስጥም ፎርማልዲሃይድ አለ። ብናኛቸው ደቃቅ ነው። ከማሽኑ ሥር ተጠርጎ አንድ ላይ በጆንያ ሲሞላም የቀለም ፍርፋሪ፣ የቫርኒሽ ብናኝና ምስማር አብሮ ይገባል። «ሁሉም እንጨት ነው» የሚል ሻጭ እዚህ ላይ ስለ ዕቃው የሚያውቀው ጥቂት መሆኑን ራሱ መሰከረ።

ከሻጩ ደጃፍ ላይ የሚደረግ ምርመራ

ጉዝጓዝ በዓይን ብቻ አይገዛም። ያለ ምንም መሣሪያ የሚደረጉ ጥቂት ፈተናዎች አሉ።

እጅን ወደ ጆንያው መሐል መስደድ፦ ላይኛው ሁልጊዜ ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ የሚገኘው ከመሐልና ከሥር ነው። በኪሎ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ገዥው የሚከፍለው ለውሃም ጭምር መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

ጨብጦ መልቀቅ፦ አንድ እፍኝ ተይዞ በኃይል ይጨበጣል። እጅ ሲከፈት እንደ ጭብጦ ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነው። ትንሽ ተያይዞ ወዲያው ከተፈረካከሰ ደህና ነው። ምንም ሳይያያዝ በጣት መሐል ቦንኖ ከወጣ ከመጠን በላይ ደርቋል ወይም ደቋል።

ማሽተት፦ የታፈነ፣ የሻገተ ወይም የኬሚካል ሽታ ያለው ይመለሳል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ የታየበትም እንዲሁ።

በፀሐይ ብርሃን ላይ መበተን፦ ከፍ አድርጎ ሲለቀቅ ፍቅፋቂው ቶሎ መሬት ይደርሳል፤ ብናኙ በአየር ላይ ይቆያል። በአየር ላይ የቀረው የዶሮዋ ሳንባ የሚገባው ነው።

ዘርግቶ ማየት፦ ከአሥር ጆንያ አንዱ በሸራ ላይ ይገለበጣል። ምስማር፣ ሽቦ፣ ብርጭቆ፣ ቀለም የተቀባ ቁራጭ ይፈለጋል።

ሁለት ዓይነት ጉዝጓዝ ለማወዳደር ደግሞ ሚዛን ብቻ ይበቃል። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ኪሎ በቀጭን ከረጢት ተደርጎ ለጥቂት ሰዓት ውሃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ተሰቅሎ ጠብታው ሲቆም ይመዘናል። ብዙ የከበደው ብዙ የጠጣው ነው። ቀጥሎ ሁለቱም ጥላ ሥር ተዘርግተው በማግሥቱ ይመዘናሉ። ይበልጥ የቀለለው የጠጣውን መልሶ የሚሰጥ ነው። በሁለቱም ሚዛን የበለጠው፣ በጆንያ ጥቂት ብር ቢወደድም፣ የሚገዛው እሱ ነው።

ሒሳቡ በጆንያ ወይስ በዶሮ?

ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት ለምሳሌ ይወሰድ። በካሬ ሜትር 10 የሥጋ ዶሮ ሲሰላ 1,000 ዶሮ ይይዛል። ጉዝጓዙ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ከተፈለገ 8 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። አንድ ኩንታል እህል የሚይዝ ጆንያ 0.13 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሚይዝ ጠቅላላው ወደ 60 ጆንያ ይሆናል።

አሁን ንጹሕ ፍቅፋቂ በጆንያ 80 ብር፣ የመጋዝ ብናኝ 50 ብር ነው ይባል። ዋጋዎቹ ለስሌት ማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ አርቢው በየጊዜው የገበያውን ዋጋ መተካት ይችላል። ፍቅፋቂው 4,800 ብር፣ ብናኙ 3,000 ብር ያስወጣል። ልዩነቱ 1,800 ብር ነው። በወረቀት ላይ ይህ ትርፍ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ብናኙ በሦስተኛው ሳምንት ተጋግሮ ሲሶው መለወጥ ቢኖርበት 20 ጆንያ በ50 ብር፣ 1,000 ብር ተጨማሪ ይወጣል። የቀረው «ትርፍ» 800 ብር ብቻ ነው። የመጥረጊያው ጉልበት ገና አልታሰበም። በሌላ በኩል አንዲት ዶሮ አንድ ወር እስኪሆናት የተገዛችበትና የበላችበት ወጪ 200 ብር ነው ከተባለ 800 ብር የአራት ዶሮ ዋጋ ነው። ከ1,000 ዶሮ መሐል አራቱ በኮክሲዲዮሲስ ወይም በሳንባ በሽታ ከሞቱ ትርፉ ዜሮ ሆነ ማለት ነው። አምስተኛዋ ስትሞት ኪሣራው ይጀምራል። ሳይሞቱ እድገታቸው የሚጓተተው፣ እግራቸው ቆስሎ ገዥ የሚመልሳቸው፣ ለመድኃኒት የሚወጣው ደግሞ ከዚህ በላይ ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ጆንያው ስንት ነው?» ሳይሆን «ለገበያ ለደረሰች ለአንዲት ጤነኛ ዶሮ የወጣው የጉዝጓዝ ወጪ ስንት ነው?» የሚለው ነው።

መቼ ይገዛ? የት ይቀመጥ?

ጭድና ገለባ እንደ እህሉ ሁሉ ወቅት አላቸው። ከውቂያ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ በብዛት ወደ ገበያ ይወጣሉ። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይበላሻል፣ የደረቀው ያልቃል፣ ቀሪው ዝናብ ያገኘዋል፤ ዋጋውም ይወጣል። የከፋው ደግሞ ጉዝጓዝ በጣም የሚያስፈልገው ያኔ መሆኑ ነው። ቦታ ያለው አርቢ የክረምቱን በበጋ ቢገዛ ከዋጋውም ከጥራቱም ይጠቀማል።

የሚቀመጥበት ቤት ጣሪያው የማያፈስ፣ ወለሉ ከመሬት በሳንቃ ከፍ ያለ፣ ለአይጥ የማያስገባ መሆን አለበት። አይጥ ሳልሞኔላን የመሰለ በሽታ በኩሷ ታመጣለች። እርጥበት ያለበትን ጉዝጓዝ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ሻጋታን ከመቀለብ አይለይም።

ለነጋዴና ለደላላም እዚህ ላይ ያልተሠራበት ሥራ አለ። ቢሾፍቱን በመሰሉ የዶሮ እርባታ በበዛባቸው ከተሞች ዙሪያ አርቢው የሚፈልገው ርካሽ ጆንያ ሳይሆን ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት የሆነ ዕቃ ነው። ከእንጨት ሥራ ቤቶች ጋር ተዋውሎ ከመላጊያው ሥር ብቻ የሚወጣውን ለይቶ የሚሰበስብ፣ የሚነፋ፣ የሚያደርቅና የእንጨቱን ዘር ነግሮ የሚሸጥ ሰው ከሌላው ከፍ ያለ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። ገዥው የሚከፍለው ለእምነት ጭምር ነውና።

ከተነጠፈ በኋላ

ምርጥ ጉዝጓዝም ካልተያዘ ይበላሻል። መጀመሪያ ወለሉ ተጠርጎ፣ ታጥቦ፣ በፀረ ተሕዋስያን ተረጭቶ በደንብ ይደርቃል። ጉዝጓዙ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል። በደጋና በክረምት ወደ 10 ቢጠጋ ወይም ቢያልፍም አይጎዳም። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶች ባሉበት ከፍታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማሞቂያው ከመምጣታቸው አንድ ቀን ቀድሞ ተለኩሶ ጉዝጓዙ ራሱ መሞቅ አለበት። በቀዝቃዛ ጉዝጓዝ ላይ የወረደ ጫጩት ወደ መኖና ወደ ውሃ አይሄድም፤ ተፋፍጎ ይቆማል።

እርጥበቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲሆን ጉዝጓዙ ሥራውን በደንብ ይሠራል። ከ30 በመቶ ሲያልፍ መጋገር ይጀምራል። የእፍኙ ፈተና በሻጩ ደጃፍ እንደተደረገው በየሳምንቱ በቤቱ ውስጥ፣ በተለይም በውሃ መጠጫው ዙሪያ ይደረጋል። መጠጫው ከዶሮዋ ጀርባ ቁመት ጋር እኩል ሲሆን መርጨቱ ይቀንሳል። የረጠበው ቦታ በዚያው ቀን ወጥቶ በደረቅ ይተካል።

ይህ ከኮክሲዲዮሲስ ጋር የተያያዘ ነው። የበሽታው እንቁላል ከኩስ ጋር እንደወጣ ወዲያው አይለክፍም። ለመብሰል ሙቀትና እርጥበት ያለው አንድ ሁለት ቀን ያስፈልገዋል። ደረቅ ጉዝጓዝ ያንን ጊዜ ይነፍገዋል።

አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ የሌሊቱን ብርድ የፈራ አርቢ መስኮቱን ሁሉ ይዘጋል። እርጥበቱና አሞኒያው ግን በዚያው ውስጥ ይታፈናሉ። አሞኒያ የሚወጣው በረጠበ ጉዝጓዝ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ኩሱን ሲያፈርሱ ነው። በአየር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 25 እጅ እንዳያልፍ ይመከራል። ሲያልፍ የመተንፈሻ ቱቦን መከላከያ እያቃጠለ ለፈንግልና ለሌሎች በሽታዎች በር ይከፍታል። በቤቱ ውስጥ የሚውል ሠራተኛ አፍንጫው ስለሚለምደው አይሰማውም። ስለዚህ ባለቤቱ ማለዳ ከውጭ እንደገባ ቁጢጥ ብሎ፣ አፍንጫውን በዶሮ ቁመት አድርጎ ማሽተት አለበት። ዓይኑ ካቃጠለው ዶሮዎቹ ሌሊቱን ሲቃጠሉ አድረዋል። መፍትሔው ከግድግዳው አናት ላይ ሌሊትም የማይዘጋ የአየር መውጫ ማበጀት ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በኖራ ነው። ከመነጠፉ በፊት በደረቀው ወለል ላይ ቢበተን ጥቅም አለው። ዶሮዎች ባሉበት እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ሲነሰነስ ግን ያደርቀው ይመስላል እንጂ አሞኒያው ይበልጥ እንዲነሣ ያደርጋል።

ያገለገለው ጉዝጓዝ

ዶሮዎቹ ከተሸጡ በኋላ የሚቀረው ጉዝጓዝ ቆሻሻ ሳይሆን ሌላ ሸቀጥ ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም ስላለው ለአትክልት አምራች ይሸጣል። ትኩሱ ተክል ስለሚያቃጥል ተከምሮ፣ ውስጡ ሞቆና እየተገላበጠ ብስባሽ እስኪሆን ይቆያል። ለከብት መኖ መስጠት ግን አደገኛ ነው፤ በውስጡ የቀረ አንድ የሞተ ዶሮ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ መርዝ ሊያመጣ ይችላል።

ከሌላ አርቢ ያገለገለ ጉዝጓዝ ገዝቶ ወይም ጆንያውን ተውሶ ወደ ራስ ቤት ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ጉምቦሮ የሚባለው በሽታ በኢትዮጵያ መኖሩ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በደብረ ዘይት ታውቋል። ቫይረሱ ጠንካራ ከመሆኑ የተነሣ በዶሮ ቤትና በጉዝጓዝ ውስጥ ለወራት ይቆያል። በነፃ የመጣ ጉዝጓዝ ከጎረቤት ቤት የመጣ በሽታ ሊሆን ይችላል።

በአጭሩ፣ ጉዝጓዝ ከወጪዎች ሁሉ ትንሹ ሲሆን ትላልቆቹን ወጪዎች የሚጠብቀው ግን እሱ ነው። ጫጩት በውድ ዋጋ ገዝቶ፣ መኖ በኩንታል አስጭኖ፣ ከእግሯ ሥር የሚነጠፈውን ሳይመረምር የሚያስገባ አርቢ ዋናውን ሀብቱን በማያውቀው ነገር ላይ አስቀምጧል። ከሚቀጥለው ግዢ በፊት እጁን ወደ ጆንያው መሐል ይስደድ። ትርፉና ኪሣራው ያለው ከዚያ ነው።